ባዶ እግርና አንድ ሳንቲሜትር

ሰሞኑን አመሻሽ ላይ በሀይሌ ጋርመንት ሳልፍ፣ ሸራ አንጥፎ ሰልባጅ የመሮጫ ጫማ ከደረደረ ወጣት ዘንድ ቆምሁ። አንዱን አንሥቼ ሶሉን በአውራ ጣቴ ብጫነው እንደ ትኩስ ዳቦ ሰርጎድ ብሎ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ራሱ ነው የሚሮጠው» አለኝ። ቀልዱ እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ አጥቶ አልነበረም። የቀረበለት አዲስ ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው፣ እግሩም ባዶውን መሮጥ የለመደ ስለነበር ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ያን ምርጫ የድህነት ምልክት አድርገው የሚተርኩ እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል።

በ1953 ዓ.ም. ጃፓን ሊሮጥ ሲሄድ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባለ ጫማ ሠሪ አግባብቶ የራሱን ጫማ አደረገለት። ሰውየው የሯጭ እግር በሙቀት ውኃ መቋጠሩ እንቅልፍ የነሣው ነበርና፣ አየር የሚያስወጡና የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ያሉት የማራቶን ጫማ ሠርቷል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን አበበ በፑማ ጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ።

የያኔው ሶል ስስ ነበር። የዛሬው ወፍራም ስፖንጅ ነው፤ በመካከሉ የካርቦን ዝርግ ይገባበታል። እግሩ መሬት በነካ ቁጥር የገባበትን ጉልበት አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል። ስለዚህም የዓለም አትሌቲክስ የጎዳና ጫማን ሶል በ4 ሳንቲሜትር ወሰነው። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የኛው ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ወዲያው ሶሉ 5 ሳንቲሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉን ተነጠቀ። ባዶ እግር ያላሳጣንን አንድ ሳንቲሜትር አሳጣን!

መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ አንዱ እግር 138 ግራም ብቻ በሚመዝን ጫማ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጠች። በጊዜው የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ነበር፤ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓትም በ18 ሰከንድ ይፈጥናል። ጫማዋን አውልቃ ከፍ አድርጋ ያዘችው። እኔ ግን ምስሉን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ እግሯ ነው።

የሀይሌ ጋርመንቱን ጫማ አልገዛሁትም። ቁጥሩ 43 ነበር፤ የኔ እግር 40 ነው።