ከመጅ እስከ ማሽን

መቼስ ዘንድሮ አዲስ አበባ ውስጥ ጂም የሚሄድ ጓደኛ የሌለው ሰው አይገኝም። እኛም በየወሩ ከፍለን ብረት እንገፋለን፣ ብረት እንስባለን፤ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተናል። እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ጉልበት ከየት ይመጣ ነበር? መልሱን ፈረንጅ አገር ከመፈለጋችን በፊት ወደ መንዝ እንውጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ውስጥ የሞተር ወፍጮ ከመስፋፋቱ በፊት ዱቄት የሚወጣው ከሴት ክንድ ነበር። ደጋው ላይ ገብስ፣ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ሲወረድ ጤፍና ማሽላ፤ እህሉ ቢለያይም ሥራው ያው ነው። ወፍጮው ላይ ማጎንበስ፣ መጁን በሁለት እጅ መያዝ፣ መግፋት፣ መሳብ። መጀመሪያ ይሸረከታል፣ ከዚያ እስኪልም ይፈጫል። ጦር ሲዘምት እንኳ ፈጪዎች አብረው ይዘምቱ ነበር።

ይህን ሸክም በማሽን የማቅለል ሐሳብ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ ከመንዝ ይመዘዛል። ከእነሱ አንዱ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847) በሚገዙበት ዘመን፣ ዲሜጥሮስ የተባለ አልባኒያዊ ባለእጅ አንኮበር አጠገብ የውሃ ወፍጮ ሠራ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ እንደጻፈው፣ ወፍጮው ጥቂት ቀን ከፈጨ በኋላ ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው አስቆሙት። መጁ ወደ ሴቶቹ እጅ ተመለሰ ማለት ነው።

መጁ በሰውነት ላይ ምን ይሠራል? በ2017 የታተመ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጥናት መካከለኛው አውሮፓ ውስጥ ከ7,000 ዓመታት በፊት የኖሩ ገበሬ ሴቶችን አጥንት መረመረ። የክንዳቸው አጥንት ጥንካሬ፣ በቀን ሁለቴ ከሚለማመዱት የዩኒቨርሲቲው ሴት ጀልባ ቀዛፊዎች ከ11 እስከ 16 በመቶ ይበልጥ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከጠረጠሯቸው ምክንያቶች አንዱ እህል በድንጋይ መፍጨት ነው።

«ታዲያ የድሮው ይሻላል» ለማለት አትቸኩሉ። ሶርያ ውስጥ አቡ ሁሬይራ ከተባለ ጥንታዊ መንደር የተገኘው የሴቶች አጥንት ሌላውን ገጽ ያሳያል፤ ጉልበቱ የተጎዳ፣ ወገቡ የተበላ፣ የእግር ጣቱ የተጣመመ። ፈጪዋ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እቀጥላለሁ» ማለት አትችልም፤ ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ1865 ስቶክሆልም ውስጥ ጉስታቭ ሳንደር የተባለ ሐኪም የሰውነት ማጠንከሪያ ማሽኖችን የያዘ ተቋም ከፈተ። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ሲቀመጡ የሚውሉ ከተሜዎች ነበሩ። በ1940ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ዴሎርም የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም፣ ክብደቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ማሠራት ጡንቻን እንደሚያጠነክር አሳየ። በ1970 አርተር ጆንስ ናውቲለስ የተባለውን ማሽን ለገበያ አቀረበ፤ የዛሬዎቹ የጂም ማሽኖች ብዙ ነገር ከእሱ ወርሰዋል። መጅ ሁልጊዜ ያው መጅ ነው። ማሽኑ ግን ክብደቱ ይለካል፣ ይጨመራል፣ ይቀነሳል፤ ሲበቃህም ትተኸው ትነሳለህ።

ውጤቱ ለጎረምሳ ብቻ አይደለም። በ1990 በታተመ የቦስተን ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ 10 ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንታት ክብደት በእግራቸው እንዲያነሱ ተደረገ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ዘጠኙ የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ልብ በሉ፣ ዘጠና ዓመት ሆኗቸው ነው! ልምምዱ ለ4 ሳምንታት ሲቋረጥ ደግሞ 32 በመቶው ጥንካሬ ጠፋ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ስንቶቻችን ነን ከመንዝ ወይ ከመርሐቤቴ እናታችንን አምጥተን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያስቀመጥን? ዕድሜ ልኳን ፈጭታ፣ ውሃ ቀድታ፣ ዳገት ወጥታ የኖረች ሴት በፍቅር ሶፋ ላይ ትቀመጣለች። «አንቺ አረፍ በይ» እንላታለን። ዓመት ሳይሞላ ደረጃው ይከብዳታል፤ እኛም «እርጅና ነው» እንላለን። እርጅናም አለበት፤ ግን ሸክም ያጣ ጡንቻ በየትኛውም ዕድሜ ይሟሽሻል።

ወፍጮ ቤቱ የእናቶቻችንን ወገብ አሳርፏል፤ እሰየው። መጁ ይመለስ የሚልም የለም። ግን በየሰፈሩ ጂሙን የሞላነው እኛው ወጣቶች ነን፤ በጣም የሚያስፈልጋቸው ደጁንም አልረገጡትም። ሐኪም አማክሮ፣ በቀላል ክብደት ጀምሮ፣ ቀስ እያሉ መጨመር ለእነሱም ይሆናል። ማሽን ባይኖር እንኳ ከወንበር ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ ደግሞ መነሳት፣ ጥሩ ጅምር ነው። ዛሬ ማታ ቤት ስንገባ አብረናት አሥር ጊዜ እንሞክረው።