የአንድ ዓመት ታሪክ በግዕዝ አደራ፦ የኒቂዩስ ዮሐንስና 641

የጥንቱ የሜዲትራኒያን ዓለም ታሪክ ሲነሣ ግዕዝ የሚታሰበው እንደ ተቀባይ እንጂ እንደ ምስክር አይደለም። ከግሪክ ተቀዳ፣ ከዐረብኛ ተተረጐመ ይባላል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ጐደሎ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ ዓመት ብቻ፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. 641ን ይዤ፣ የግዕዙ ትርጉም ባይኖር ኖሮ ስለዚያ ዓመት ያለን ዕውቀት ምን ያህል ይጐድል እንደ ነበር ለማሳየት እሞክራለሁ።

የምመረምረው መጽሐፍ የኒቂዩስ ጳጳስ የዮሐንስ ዜና መዋዕል ነው። ዮሐንስ በሰባተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በዓባይ ዴልታ የኖረ ግብፃዊ ነበር። መጀመሪያ የጻፈው መጽሐፍ ጠፍቷል፤ ከዚያ የተገኘው የዐረብኛ ትርጉምም ጠፍቷል። ለዘመናችን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1602 በራስ አትናቴዎስና በንግሥት ማርያም ሥና ትእዛዝ፣ ግብፃዊው ገብርኤል ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው ነው። ዞተንበርግ በ1883 ግዕዙን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በፓሪስ አሳተመ፤ ቻርልስ በ1916 በእንግሊዝኛ አወጣው።

በዚያ ዓመት የሆነው ባጭሩ ይህ ነው። በየካቲት ንጉሠ ነገሥት ሕርቃል በቍስጥንጥንያ ሞተ፤ ዙፋኑም በልጆቹና በሚስቱ በማርቲና መካከል የጠብ ምክንያት ሆነ። በግብፅ ደግሞ የዐምር ኢብን አል ዓስ ሠራዊት ለወራት ከቦት የነበረችው የባቢሎን ምሽግ በፋሲካ ማግሥት እጇን ሰጠች። በግንቦት የጸሐፊው መንበር ኒቂዩስ ተያዘች፤ ነዋሪዎቿም በየመንገዱና በየቤተ ክርስቲያኑ ተገደሉ። በመስከረም ፓትርያርክ ቂሮስ ወደ እስክንድርያ ተመለሰ፤ በኅዳርም ከዐምር ጋር ውል ተዋዋለ። በውሉ መሠረት የዐሥራ አንድ ወር ፋታ ተሰጠ፤ 150 ወታደሮችና 50 ሲቪሎች መያዣ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት የሮም ጦር ከተማዋን ለቆ ወጣ።

ይህን ታሪክ በሰፊው የጻፉት የዐረብ ጸሐፊዎች፣ እነ ኢብን ዐብድ አልሐከምና አልበላዙሪ፣ የኖሩት ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ዮሐንስ ግን በአንድ የሰው ዕድሜ ርቀት ላይ ነበር።

ታዲያ ሦስት ቋንቋ የተሻገረ ቃል ምን ያህል ይታመናል? አንዱን ፈተና አንባቢው ራሱ ሊሠራው ይችላል። ግዕዙ ኒቂዩስ የተያዘችው ግንቦት 18፣ እሑድ ቀን ነው ይላል። በባሕረ ሐሳብ ስናሰላ የዚያ ዓመት፣ ማለት የ633 ዓ.ም.፣ ፋሲካ ሚያዝያ 13 ይውላል። ከሚያዝያ 13 እስከ ግንቦት 18 ድረስ 35 ቀን ነው፤ ልክ አምስት ሳምንት። ስለዚህ ዕለቱ በእርግጥም እሑድ ነበር። ዕለትና ቀን በገልባጭና በተርጓሚ እጅ በቀላሉ የሚበላሹ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ ይህ ቀን ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ተጉዞ ሳይናጋ ደርሷል።

ይህን ስል መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ትረካው ከሕርቃል መንገሥ ተነሥቶ ወደ ግብፅ ጦርነት መካከል ይዘላል፤ ሠላሳ ዓመት ያህል የለም። በዐረብኛ ጽሕፈት የ«በ»፣ የ«ተ»፣ የ«ነ» እና የ«የ» ፊደላት በቃል መነሻና መካከል የሚለዩት በነጥብ ብቻ በመሆኑ፣ የሰውና የአገር ስሞች ተዛብተዋል። ዮሐንስም ገለልተኛ አይደለም። የግብፅን ውድቀት የሚያየው ሕርቃልና ቂሮስ በእምነቱ ወገኖች ላይ ላደረሱት ስደት እንደ ቅጣት ነው። ሆኖም አድልዎው ዐይኑን አልጋረደውም። ዐምር የአብያተ ክርስቲያናትን ንብረት እንዳልነካ ይመሰክራል፤ የግብሩን ክብደትና የኒቂዩስን ደምም አይሸሽግም።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዴት እናንብበው? እኔ ያደግሁባት አዲስ ዓለም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ትሆነኛለች። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ባጠራት ጊዜ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ ትሆን ዘንድ ቈረቈሯት። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አተረፋትና መናገሻው ሳይዛወር ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታነጸው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ያንን ሕንፃ የሚያጠና ሰው ቤተ መንግሥቱን አገኛለሁ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን አያፈርስም፤ ሁለቱን በአንድነት ያያል እንጂ። የዮሐንስም መጽሐፍ እንዲሁ ነው። የጠፋውን ጥንታዊ ድርሰት ለማግኘት ግዕዙን እንደ ልጣጭ ገፎ መጣል አይቻልም፤ የቀረልን ቤት እሱ ነውና።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎቻችን ትርጉም ከወጥ ድርሰት በታች ሲመደብ ይታያል። 641 የሚያስተምረን ሌላ ነው። ገብርኤል ሥራውን ሲሠራ ዐረብኛው ገና በእጅ ነበረና የመጨረሻውን ምስክር እየጻፈ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን የትርጉም ጽሑፎችን ሲመረምሩ «ከየት መጣ?» ብለው ብቻ እንዳያቆሙ፣ «ይህ ባይኖር ምን ይጠፋ ነበር?» የሚለውንም ጥያቄ እንዲያነሡ አሳስባለሁ።