ፋብሪካው ያልጨረሰው ዕቃ

ካርቡራተር ለእኛ ትውልድ ስሙ እንጂ ሥራው የሚታወቅ አይመስልም። ጋራዥ ሄደን «ካርቡራተሩ ቆሽሿል» ሲሉን ራሳችንን ነቅንቀን እንከፍላለን። ሥራው ቤንዚንን ከአየር ማደባለቅ ነው፤ ለአንድ ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ገደማ አየር። ይቺን ሒሳብ ያለ ኮምፒውተር፣ በአየር ጉልበት ብቻ መሥራቱ ነው ታሪኩን የሚያጣፍጠው።

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በ1885 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው) የመጀመሪያውን ባለቤንዚን ሞተር ሳይክል ሲሠሩ ቤንዚኑ ዕቃ ውስጥ ተኝቶ፣ እየተነነ ነበር ወደ ሞተሩ የሚገባው። መጠኑን ማን ይቆጣጠረው? በ1893 ሁለት ሃንጋሪያውያን፣ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ፣ ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ ካርቡራተር አስመዘገቡ። ሐሳቡ የመጣላቸው ቡዳፔስት ውስጥ አበባ ሻጭ ልጅ በትንፋሿ ውሃ ስትረጭ አይተው ነው ይባላል። እውነትም ይሁን ፈጠራ፣ ዕቃውን ከብዙ መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳል። ማይባህም በዚያው ዓመት የራሱን አወጣ፤ ዝናው በአብዛኛው ለእሱ ሆነ።

ሆንዳ በ1969 ሲቢ 750ን ለገበያ ሲያቀርብ ደግሞ ለአራት ሲሊንደር አራት ካርቡራተር ደረደረ። በመጀመሪያዎቹ ላይ ከእጀታው የሚነሳው ሽቦ ለአራት ተከፍሎ እያንዳንዱን ለብቻው ይስብ ነበር። አንዱ ሽቦ ትንሽ ከላላ ያ ሲሊንደር ይለግማል፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። ሆንዳ ብዙ ሳይቆይ አራቱን በአንድ ዘንግ አያያዛቸው። ማመጣጠኑ ግን አልቀረም፤ ዛሬም ያንን ሞተር የያዘ ሰው አራት የአየር ግፊት መለኪያ ሰክቶ፣ ቁጥሮቹ እኩል እስኪሆኑ ብሎኖቹን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራል።

ጽዳቱስ? ሞተሩ ለወራት ሲቆም ቤንዚኑ ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋል። ቀድማ የምትደፈነው ለሚኒሞ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ ናት፤ ውፍረቷ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። መንገድ ላይ እየበረረ መብራት ላይ ሲቆም የሚጠፋ ሞተር ካያችሁ መጀመሪያ እሷን ጠርጥሩ። ማጽጃ ፈሳሽና የታመቀ አየር ይበቃታል። ብረት ሽቦ የሚከት መካኒክ ግን ይቅርባችሁ! ነሐስ ለስላሳ ነው፤ የሰፋ ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብም።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከወደብ ከተሞች በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው (ይህም ቃል የጣሊያን ትሩፋት ነው) በጥላሸት ይጠቁራል፣ ኪሳችንም ይራቆታል። መፍትሔው የዋናውን ቤንዚን ቀዳዳ በጠበበ መቀየር ወይም መርፌውን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው። በእኛ አመለካከት የካርቡራተር ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ፋብሪካው ያልጨረሰውን የሰፈር መካኒክ ካንዴላ ነቅሎ፣ ቀለሙን አይቶ ይጨርሰዋል።

ካዋሳኪ በ1980 ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ሳይክል ሸጧል። ብዙውን ዓለም ያሻገረው ግን የጭስ ሕግ ነው። ሕንድ በሚያዝያ 2020 ጠንካራውን ደንብ ስታስገድድ አዳዲሶቹ ሞተሮቿ ከሞላ ጎደል ካርቡራተርን ተሰናበቱ። በእነሱ ላይ የአየሩን ስስነት የሚለካው ሴንሰር ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን አሁንም መንገድ ላይ ናቸው፤ ክረምቱን ቆመው በመስከረም አልነሳም የሚሉትም እነሱ ናቸው።