ከወይና ደጋ ጦርነት በኋላ

በ1521 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በሽምብራ ኩሬ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል አደረጉ። የተከተለው ረጅም ዘመቻ በየካቲት 1535 ዓ.ም. ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በወይና ደጋ በኢማሙ መውደቅ አበቃ። በመማሪያ ክፍል ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ እዚሁ ላይ ይቆማል። ይሁን እንጂ የአንድ ወረራ ክብደት የሚመዘነው በጦር ሜዳ ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ በኅብረተሰቡ ላይ ትቶት በሚያልፈው ለውጥ ጭምር ነው።

ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ ወራሪው ነገሠ፤ የመሳፍንቱ መሬት ለአዲስ ጌቶች ተላለፈ፤ የቤተ መንግሥቱም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። በእኛ አገር ግን ወራሪው ወደቀ፤ የተወረረውም መንግሥት ተመለሰ። ሆኖም የተመለሰው እንደ ቀድሞው ሆኖ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ በ1524 ዓ.ም. እንደ ተቃጠለው እንደ መካነ ሥላሴ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ከነቅርሳቸው ጠፉ። ሁለተኛ፣ ኢማሙ ከኦቶማን ቱርኮች፣ ዐፄ ገላውዴዎስም ከ400 ያህል ፖርቱጋሎች ባገኙት ርዳታ የነፍጥ ኃይል በአገሪቱ ጦርነት ውስጥ ሥፍራ ያዘ። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ወገኖች ደከሙ። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. ከአሚር ኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ሐረርም በአሚሩ ዘመን በግንብ ታጠረች። የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ በስፋት የቀጠለው በዚህ ድካም መካከል ነው፤ የአገሪቱም የሕዝብ አሰፋፈር ከዚያ ወዲህ ተለወጠ።

አራተኛው ለውጥ ለጣራ ገዳምና ለአካባቢው መምህራን ቅርብ ነው። ከጦርነቱ በፊት ነገሥታቱ በአብዛኛው በሸዋና በዛሬው ደቡብ ወሎ ይዘዋወሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የመንግሥቱ ማእከል ወደ ጣና ዙሪያ አዘነበለ። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ እንፍራዝ አጠገብ የሚገኘውና በዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደ ተሠራ የሚነገረው የጉዛራ ግንብ ለዚህ ምስክር ነው። በ1628 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ለውጡ ጸና።

ታሪኩ የሃይማኖት ጦርነት ብቻ ተደርጎ ከቀረበ፣ በአንድ ወንበር ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዱ ባለድል፣ ሌላው ተከሳሽ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ መምህሩ ከ1521 ዓ.ም. በፊትና ከ1628 ዓ.ም. በኋላ የነበሩትን የመንግሥት ማእከሎች በሁለት ካርታ አሥሎ፣ የለውጡን ምክንያት ከተማሪዎቹ ቢጠይቅ ይመረጣል። ያን ጊዜ ሁሉም ልጆች የሚመረምሩት የጋራ አገራቸውን ታሪክ ይሆናል።