የታይፔ ሕፃናትና የ«ኢ» ፕሮቲን

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻ በታይዋን ዋና ከተማ በታይፔ ይጀምራል፤ ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1970ዎቹ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ፓልመር ቢስሊና ባልደረቦቹ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደማቸው የተገኘባቸውን ነፍሰ ጡሮች እየመዘገቡ፣ ሲወልዱም የሕፃናቱን ደም እየደጋገሙ ይመረምሩ ነበር። እናቶቹ ዓይናቸው ቢጫ አልሆነም፤ ሕመምም አልተሰማቸውም። የብዙዎቹ ልጆች ደም ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ቫይረሱን ያሳይ ጀመር።

ሁሉም ሕፃናት አልተያዙም። በጃፓንና በታይዋን የተደረጉ ጥናቶች ልዩነቱን «ኢ አንቲጅን» ከተባለ የቫይረሱ ፕሮቲን ጋር አገናኙት። ይህ ፕሮቲን በደሟ ካለ እናት ከሚወለዱና ካልተከተቡ 10 ሕፃናት ዘጠኝ ያህሉ ዘላቂ ተሸካሚ ይሆናሉ። በአንጻሩ በአዋቂነታቸው ከሚያዙ 100 ጤነኛ ሰዎች 95 ያህሉ ቫይረሱን በራሳቸው ጊዜ ያስወግዱታል።

ብዙዎቹ ሕፃናት የሚያዙት በወሊድ ሰዓት፣ ከእናት ደም ጋር ሲነካኩ ነው። ታዲያ ሰውነታቸው ለምን ዝም አለ?

ቫይረሱ ለመራባት ኢ አንቲጅንን የግድ አያስፈልገውም፤ ግን በብዛት ያመርተዋል። ዴቪድ ሚሊክና ባልደረቦቹ በ1990 በአይጦች ላይ ያደረጉት ሙከራ ምክንያቱን ጠቆመ። ይህን ፕሮቲን ከምታመርት እናት የተወለዱት ግልገሎች፣ ዘረ መሉ ባይኖራቸውም፣ የመከላከያ ሴሎቻቸው ፕሮቲኑን እንደ ባዕድ አልቆጠሩትም። ማኅፀን ውስጥ ለምደውታል። በ2016 ደግሞ የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች የእናቲቱ ኢ አንቲጅን በግልገሎቹ ጉበት ያሉትን ማክሮፋጅ የተባሉ ሴሎች እንደሚለውጥ አሳዩ። ቫይረሱ ሲገባባቸው የሌሎቹ ግልገሎች ሰውነት ቶሎ ጠረገው፤ የእነዚህ ግን አቅፎ አቆየው። በእርግጥ አይጥ ሰው አይደለም፤ ግኝቱ ግን የታይፔን ሕፃናት ምሥጢር ሊያብራራ ይችላል።

ታይዋን ምላሹ እስኪገኝ አልጠበቀችም። ቢስሊ በ1981 ከ22 ሺህ በላይ ወንዶችን ተከታትሎ ቫይረሱ የጉበት ካንሰር ዋና ምንጭ መሆኑን አረጋገጠ፤ አገሪቱም በሐምሌ 1984 የተሸካሚ እናቶችን ሕፃናት መከተብ ጀመረች። በታይፔ ልጆች ላይ 10 በመቶ ገደማ የነበረው የተሸካሚዎች ቁጥር በ10 ዓመት ወደ 1.3 በመቶ ወረደ።

በኢትዮጵያ ክትባቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2007 መደበኛ ሲሆን የመጀመሪያው መርፌ የተመደበው ለስድስተኛው ሳምንት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሕፃናት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲከተቡ ይመክራል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ አድማጮቻችን፣ በእርግዝና ክትትላችሁ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ጠይቁ፤ ቫይረሱ ከተገኘባችሁም ልጃችሁ እንደተወለደ የሚከተብበትን ሁኔታ ከወዲሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።