ጠፍጣፋው ቆርቆሮ እንዴት ጣሪያ ይሆናል? ከእንጦጦ ማርያም እስከ የካ መማሪያ ክፍል

ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ስለ ዕለቱ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሕንፃው ቅርጽ ግን እምብዛም አይወራም። ቤተ ክርስቲያኗ ስምንት ማዕዘን ናት።

እንዲህ ያለ ቤት የሚከድን ሰው መሬት ላይ ሳለ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ጠፍጣፋ ነገር ተቆርጦ ሲጋጠም እንዴት ሽቅብ ይቆማል? ጣሪያው እኩል የሆኑ ስምንት ሦስት ማዕዘኖች ነው እንበል። ሁሉም ጫፋቸው መሐል ላይ ይገናኛል። እያንዳንዱ ጫፍ ልክ 45 ዲግሪ ከሆነ ስምንቱ ተደምረው 360 ይሞላሉ፤ ጣሪያውም እንደ ምጣድ ሜዳ ላይ ይተኛል። ከ45 ካነሰ ግን አንድ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን ለመዝጋት ጠርዝና ጠርዙ ሲሳብ መሐሉ ከመሬት ይነሳል። የጣሪያው ከፍታ የሚወለደው ከጎደለው ነው፤ ብዙ ሲጎድል ጣሪያው ይሾላል፣ ጥቂት ሲጎድል ይለጠጣል። ድንኳን የሚሰፋም ሆነ ከቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ የሚሠራ ባለሙያ ይህን በእጁ ያውቀዋል።

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ምሥራቅ፣ በየካ ኮረብታ ላይ፣ የተገላቢጦሹ አለ። ዋሻ ሚካኤል ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን ነው። ትውፊት ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስደዋል፤ ብዙ አጥኚዎች ግን በመካከለኛው ዘመን ያኖሩታል። እዚያ የተገጣጠመ ነገር የለም። ሠሪው ቅርጹን ያገኘው ድንጋይ እያወጣ ነው።

ተማሪዎች በየዓመቱ የሚያምታቱት ልዩነት በእነዚህ ሁለት ሕንፃዎች መካከል አለ። ጣሪያ የሚያለብሰው ሰው ወጪው የሚቆጠረው በገጽታ ስፋት ነው፤ ስንት ቆርቆሮ ይበቃል? አለት የሚፈለፍለው ድካሙ የሚቆጠረው በይዘት ነው፤ ስንት ድንጋይ ይውጣ? አንዱ በካሬ ሜትር ሌላው በሜትር ኩብ የሚለካው ለዚህ ነው። ይህን ያየ ልጅ ሁለቱን ቀመሮች አያምታታም። ሰሌዳ ላይ ብቻ የገለበጠ ልጅ ግን ከፈተናው ማግስት ይረሳቸዋል።

የኩብን ዝርግ እንውሰድ። ኩብ ስድስት እኩል ካሬዎች አሉት። ስድስት ካሬዎችን ጎን ለጎን የማጋጠሚያው መንገድ 35 ነው፤ ከእነዚህ ተጣጥፈው ኩብ የሚሆኑት 11 ብቻ ናቸው። መጽሐፍ አንዱን፣ ብዙ ጊዜም መስቀል የሚመስለውን፣ ሥሎ ያሳያል። ልጁም ኩብ ሲዘረጋ ይህ ብቻ ነው ብሎ ይይዛል። ካርቶንና መቀስ ቢሰጠው ግን ቀሪዎቹን አሥሩን ራሱ ያድናል። ቀጥ ብለው የተሰለፉት ስድስቱ ለምን እንደማይዘጉ፣ የትኛው ካሬ በየትኛው ላይ እንደሚደረብ እጁ ይነግረዋል።

በሌላው ዓለምም ይህ እውቀት ወደ ወረቀት የገባው በእጅ ሠሪዎች በኩል ነው። ጠጣር ምስሎችን ዘርግቶ በመጽሐፍ ያሳተመው የመጀመሪያው የታወቀ ሰው ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬክት ዱረር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1525 ለባለሙያዎች ባዘጋጀው የልኬት መጽሐፍ። ፍሪድሪሽ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 የመዋዕለ ሕፃናትን ትምህርት ሲጀምር የእንጨት ኩብና ሲሊንደር ለሕፃናት አስያዘ፤ ወረቀት ማጠፍም የዚሁ ትምህርት አካል ሆነ። ህንዳዊው ሱንዳራ ራው ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1893 ማድራስ ላይ ጂኦሜትሪን ወረቀት በማጠፍ ብቻ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። ማድራስ ያኔ ሀብታም ከተማ ስለነበረች አይደለም። ወረቀት ርካሽ ስለሆነ ነው።

እኛ ዘንድ እጅና ትምህርት የተለያዩት ቀደም ብሎ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው በሙያው ይሰደብ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደረሱ። አዋጁ ስድቡን ነቀፈ፤ ንቀቱን ግን አልነቀለም። በዚያው ዘመን የተከፈተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ዋና ትኩረቱ ቋንቋ ነበር፤ መንግሥት የሚፈልገው አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበርና። በ1934 ዓ.ም. የእጅ ሙያ የራሱን ትምህርት ቤት ሲያገኝ ስሙ «ተግባረ እድ» ተባለ። ስሙ መልካም ነው፤ ግን የእጅ ሥራ የሚማርበት ቤት ለብቻው ስም ካስፈለገው ሌላው ትምህርት ቤት የምን ሊሆን ነው? የጭንቅላት ብቻ?

ክፍፍሉ ዛሬም አለ። ሚናለሽ ተራ ያለው ባለሙያ ያገለገለ በርሜል ዘርግቶ ምድጃ ያደርገዋል። ይህ የገጽታ ስፋት ትምህርት ነው፤ ማንም ግን ሒሳብ ብሎ አይጠራውም። የዚያው ባለሙያ ልጅ ክፍል ውስጥ የሲሊንደርን ቀመር ሸምድዶ ይወድቃል። አባቱ በየቀኑ ሲሊንደር ሲዘረጋ እያየ ያደገ ልጅ በሲሊንደር መውደቅ የለበትም።

መፍትሔው ብዙ በጀት አይጠይቅም። ባዶ የፓስታ ካርቶን በየቤቱ አለ፤ በስፌቱ ከተፈታ ዝርግ ነው፣ ከታጠፈ ጠጣር ነው። የሚያስፈልገው ልጁ ራሱ እንዲፈታው የሚፈቅድ መምህር ነው። በእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ ያለው ኮተቤ ለአሥርት ዓመታት መምህራን ሲያሠለጥን ኖሯል። ነገ የሚያስመርቀው መምህር ክፍል ሲገባ ከጠመኔ ሌላ መቀስም ይያዝ።

ጥያቄው የልጆች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለም ይህን ይወቅ። ጎባጣ ያልሆነ፣ ወደ ውስጥ ያልተሰረጎደ ማንኛውም ባለ ጠፍጣፋ ገጽ ጠጣር ምስል ጠርዞቹን ይዞ ቢቆረጥ ሳይደራረብ አንድ ወጥ ዝርግ ሆኖ ይወጣል ወይ? ሸፐርድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን ጥያቄ በግልጽ አስቀመጠው። እስካሁን አዎ ብሎ ያረጋገጠም፣ አይሆንም ብሎ ምሳሌ ያመጣም የለም። ካርቶን ከሚፈታ የየካ ልጅ እጅ እስከዚህ ጥያቄ ያለው ርቀት ከሚታሰበው ያጠረ ነው።