ቤተ መንግሥትና ማተሚያ ቤት፦ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ጉዞ

በጎጃም የምትገኘው መርጡለ ማርያም፣ እንደ ሌሎቹ ታላላቅ አድባራት ሁሉ፣ ዕውቀት ከመምህር ቃል ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ፣ ከብርዕም ወደ ብራና ሲተላለፍ የኖረባት ደብር ናት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት ከዚያ ርቆ በመርሐ ቤቴ ቢሆንም፣ የተማሩት ይህንኑ የቤተ ክህነት ትምህርት ነበር። ከዚያው ትምህርት ወጥተው ሚኒስትርም፣ የማተሚያ ቤት ባለቤትም ሆኑ።

ኅሩይ በጎለመሱበት ዘመን ጋዜጣ ለአገሩ እንግዳ ነገር ነበር። የግሪኩ ተወላጅ አንድሬያስ ካቫዲያስ «አእምሮ»ን ሲጀምር በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ይታደል ነበር፤ ይህም ከቁም ጸሐፊዎቻችን ሥራ ብዙ አይርቅም። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ማተሚያ ቤት ሲወጣ ግን ኅትመት የሥልጣን ትግል መሣሪያ ሆነ። ጋዜጣው ሥልጣኔን ይሰብካል፤ የጋዜጣው ባለቤት ግን የአገሪቱ ገዢ ነበርና ትችቱ እስከ ዙፋኑ አይደርስም።

ኅሩይ «ጎሐ ጽባሕ» የተባለውን የራሳቸውን ማተሚያ ቤት ያቋቋሙት በዚህ አየር ውስጥ ነው። በ1925 ዓ.ም. ያወጡት ልብ ወለድ «አዲስ ዓለም» አቋማቸውን ከማናቸውም ሹመት ይበልጥ ይገልጣል። ፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰው ወጣት ዐወቀ፣ ለሞተው አባቱ የተዝካር ድግስ እንዲደግስ ሲጠየቅ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ጉዳዩ ተራ የቤተ ዘመድ ጠብ አልነበረም። ተዝካር ገበሬውን ዕዳ ውስጥ የሚከት ሲሆን፣ ካህናቱና የቆሎ ተማሪው ደግሞ የሚበሉበት ነው። እንደ መርጡለ ማርያም ባለ፣ አገልጋይ በበዛበት ደብር፣ ድግሱ ቢቀር የስንቱ ማዕድ ይጎድል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ኅሩይ ይህን ስለሚያውቁ ዐወቀን ከቤተ ክርስቲያን ጋር አላቆራረጡትም፤ ልማዱ በካህናቱ በራሳቸው ምክር እንዲታረም ወደዱ። ስለ ተዝካር ደፍረው ጻፉ፤ ካህኑንም ገበሬውንም ስለሚያስተዳድረው ስለ ርስቱና ስለ ጉልቱ ሥርዓት ግን ብዕራቸው ያን ያህል አልደፈረም። የንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትር ለነበሩ ሰው ይህ አያስገርምም።

በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ወደ ጃፓን ተጓዙ። ባህሉን ሳይጥል የሠለጠነ የምሥራቅ አገር ማየታቸው አሳባቸውን አጸናው፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውንም መጽሐፍ አስገኘ።

የፋሽስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በ1929 ዓ.ም. ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በወራሪው እጅ ተገደለ። እሳቸውም በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ አረፉ፤ ዐፅማቸው ወደ አገሩ የገባው ከነጻነት በኋላ ነው።